መሰላል የማይደርስበት ሥራ

(ኮምቦልቻ ውስጥ ለተማሪዎችና ለዲሽ ባለሙያዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ከፊቴ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ እንጀራችሁ ጣራ ላይ ነው። ደንበኛ ይደውላል፤ «ሲግናል ጠፋ» ይላል። መሰላል ትደግፋላችሁ። ሚስማር የተመታበትን መስመር እየረገጣችሁ ቆርቆሮው ላይ ትወጣላችሁ። ብሎኑን ታላላላችሁ፣ ዲሹን በጣት ስፋት ትገፋላችሁ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን የሚጠብቀው ልጅ «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!» እያለ ይጮኻል። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሂሳባችሁን ተቀብላችሁ ትሄዳላችሁ።

እኔ ዛሬ የማወራው ከዚያ ዲሽ ማዶ ስላለው ዕቃ ነው። እሱ ሲበላሽ የሚወጣ ሰው የለም። አንድ የመገናኛ ሳተላይት ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ የሚደረግለት ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል ባይ ነኝ። ውድ የሆነውም፣ ዓመታት የሚፈጀውም መሰላል ስለማይደርስ ነው። ሰው ሳተላይት ሲባል የሚያስበው የሮኬቱን እሳት ነው። እሳቱ ግማሽ ሰዓት ነው። ዋናው ሥራ ከእሱ በፊት ያለው ሁለት ሦስት ዓመትና ከእሱ በኋላ ያለው አሥራ አምስት ዓመት ነው።

በመጀመሪያ ዲሻችሁ የት እንደሚያይ እንነጋገር።

አብዛኛው የአገራችን ቻናል አሁን የሚገኘው ኢትዮሳት ላይ ነው። ሳተላይቱ ራሱ ኤንኤስኤስ 12 ይባላል። የሉክሰምበርጉ የኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ተቀምጧል። ደሴ ላይ ሆናችሁ ብታሰሉት፣ ዲሹ ከሰሜን ተነስቶ 122 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ ከአድማስ ደግሞ 66 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። አሁን ካርታ ዘርጉና እዩ። ያ አቅጣጫ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያመጣው አቅጣጫ ነው ማለት ይቻላል። የደሴ ሰው ዲሽ ቀኑንም ሌሊቱንም በኮምቦልቻ በኩል ነው የሚያየው። ደሴ ላይ ይህን ስናገር ብዙም አይጨበጨብልኝም። (ሳቅ)

ናይልሳት ደግሞ ተቃራኒው ነው። እሱ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ዲሹ ፊቱን ከደሴ በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ጦሳ ተራራ ያዞራል። ከፍታው 35 ዲግሪ ብቻ ነው። ጦሳ ሥር ያለ ቤት ተራራው ራሱ ባይጋርደውም የጎረቤት ባህር ዛፍ ይጋርደዋል። ኢትዮሳት ሲመጣ የአንዳንዱ ሰው ችግር የተፈታው በዚህ ነው። 66 ዲግሪ ቀና ብሎ የሚያይ ዲሽ ዛፍም ሆነ የጎረቤት ፎቅ ብዙ አያስቸግረውም። አሁንም ሁለቱን የሚፈልግ ቤት ሁለት ዲሽ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ታያላችሁ።

ሁለቱም ሳተላይቶች ከእኛ ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ቁጥሩን ማንም በፍላጎቱ አልመረጠውም። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞር ዕቃ አንድ ዙር ለመጨረስ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጅበታል። ምድርም በራሷ ዛቢያ የምትዞረው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ለእኛ የቆመ ይመስለናል። ዝቅ ካለ ይቀድመናል፣ ከፍ ካለ ይቀራል። እናንተ ዲሹን አንዴ አስራችሁ የምትወርዱት በዚህች አንዲት ሂሳብ ምክንያት ነው።

ይህን ቦታ ለመገናኛ እንጠቀምበት ብሎ በ1945 በዝርዝር የጻፈው እንግሊዛዊው አርተር ክላርክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሐሳቡ አይደለም። ክላርክ እዚያ ላይ ያስቀመጠው ሰው የሚኖርበት ጣቢያ ነበር። ለምን? የዘመኑ ሬዲዮ የሚሠራው በቫልቭ፣ ማለትም እንደ አምፖል በሚግል የመስታወት ቱቦ ነው። ቫልቭ ይቃጠላል። ሲቃጠል የሚቀይረው ሰው ያስፈልጋል። ያ ብልህ ሰው እንኳ ባለሙያ የማያስፈልገው ማሽን 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ለዓመታት ብቻውን ይሠራል ብሎ ለማሰብ አልደፈረም።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም እዚያ ድረስ አልወጡም። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ንብረት የነበረው ቴልስታር በ1962 ሲመጥቅ ዝቅ ባለ ምህዋር ነበር። ከአንድ ጣቢያ በአንድ ዙር የሚታየው ለ20 ደቂቃ ያህል ነው። ከምድር አንድ ግዙፍ አንቴና እየዞረ ይከተለዋል። እናንተ ዲሹን እየገፋችሁ ሙሉ ቀን ጣራ ላይ ስትውሉ አስቡት። ዕድሉም መጥፎ ነበር። ከመምጠቁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አሜሪካ ከከባቢ አየር በላይ የኑክሌር ቦምብ ሞክራ ነበር፤ ከፍንዳታው የቀረው ጨረር ዕቃዎቹን ጎዳቸው። ኅዳር ላይ ትዕዛዝ አልቀበል አለ። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው ትዕዛዝ እየቀያየሩ በጥር አስነሱት። በየካቲት 1963 ግን ጭራሹን ጸጥ አለ።

ወደ ላይኛው ቦታ የወጣው የሂዩዝ ኩባንያው ሃሮልድ ሮዘን ከባልደረቦቹ ጋር ነው። ችግሩ ክብደት ነበር። የዚያን ጊዜ ሮኬት እዚያ ድረስ የሚያደርሰው ጥቂት አሥር ኪሎ ነው። ጥቂት አሥር ኪሎ ውስጥ ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ ነዳጅና አቅጣጫ መጠበቂያ እንዴት ይገባል? የሮዘን መልስ ሳተላይቱን ማሽከርከር ነበር። እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ አይታችኋል፤ እየሾረ እያለ አይወድቅም። ሳተላይቱም እንደ ከበሮ ክብ ሆኖ ከተሽከረከረ ያለ ብዙ ማሽን አቅጣጫውን ይጠብቃል። በ1961 የሳተላይቱን ናሙና ፓሪስ ወስደው ኤፍል ማማ ላይ አሳዩት። ከዚህ በላይ ከፍ አይልም ብለው የቀለዱባቸው ነበሩ።

የእነ ሮዘን የመጀመሪያው ሳተላይት ሲንኮም 1 በየካቲት 1963 ወጣ። የመጨረሻው ሞተር እንደተቀጣጠለ ጠፋ። ያፈነዳው የናይትሮጂን ጋን ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሲንኮም 2 በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተሳካ። በነሐሴ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በእሱ በኩል ከናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፈዋ ባሌዋ ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ናይጄሪያ በኩል የነበረው ጣቢያ ሌጎስ ወደብ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ ነበር። በሳተላይት የተደረገው የመጀመሪያው የመሪዎች የስልክ ውይይት አንደኛው ጫፉ አፍሪካ ነው። ሲንኮም 3 ደግሞ በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክን ምስል ወደ አሜሪካ አሻገረ። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሎምፒክ ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ሙከራ ናቸው። ገንዘብ ተከፍሎበት አገልግሎት የሰጠው የመጀመሪያው ሳተላይት ኧርሊ በርድ ነው፤ በሚያዝያ 1965 መጠቀ። ምህዋር ላይ ሲደርስ ክብደቱ 40 ኪሎ አይሞላም። 240 የስልክ መስመር ወይም አንድ የቴሌቪዥን ቻናል ይይዛል። ወይም ነው ያልኩት። ቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ ስልኩ ይቆማል። ለ18 ወር ታስቦ ተሠርቶ ወደ አራት ዓመት ሠራ። ኤንኤስኤስ 12 ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሲመጥቅ ከ5 ቶን ተኩል በላይ ይመዝን ነበር።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቦታ ነው። ሰማዩ ሰፊ ቢሆንም ያቺ ቀለበት አንዲት ናት። ተጎራባች ሳተላይቶች በአንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ከተናገሩ ዲሻችሁ ሁለቱንም ይሰማና አንዱንም አይረዳም። ስለዚህ ቦታውና ፍሪኩዌንሲው በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኩል ይመዘገባል። ከጎረቤቶች ጋር ንግግር አለ፣ ወረቀት አለ፣ ዓመታት የሚወስድበት ጊዜ አለ። አሰልቺ ነው። ብዙ ፕሮጀክት ግን ከሮኬቱ በፊት እዚህ ላይ ነው የሚንገዳገደው።

ከዚያ ውል ይፈረማል። ሳተላይቱ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ተሸካሚው ነው። ሶላሩ፣ ባትሪው፣ ነዳጁና አቅጣጫ መጠበቂያው እሱ ላይ ናቸው። ሌላው ጭነቱ፣ ማለትም ገንዘብ የሚያመጣው ክፍል ነው። ኬዩ ባንድ በምንለው የፍሪኩዌንሲ ክልል ላይ ከምድር የሚላከውን በ14 ጊጋኸርዝ ይቀበላል። ወደ 11 ወይም 12 ይቀንሰዋል፣ ያጎላዋል፣ መልሶ ይልከዋል። በቃ። ምስሉን አይነካውም፣ ቻናሉን አያውቀውም። ለምን ይቀንሰዋል ብትሉ፣ የሚጮህበትና የሚያዳምጥበት ፍሪኩዌንሲ አንድ ከሆነ የራሱ ጩኸት ጆሮውን ያደነቁረዋል። እናንተ ሪሲቨር ላይ 9750 እና 10600 ብላችሁ የምትሞሉት ደግሞ የዚሁ ሥራ የመጨረሻ እርከን ነው። ዲሹ ፊት ላይ የምትታሰረው መቀበያ፣ ኤልኤንቢው፣ ያንን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ያወርደዋል። አለበለዚያ ገመዱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

የሚያጎላው ዕቃ ዛሬም በአብዛኛው ቱቦ ነው። አዎ፣ ቱቦ! የክላርክ ቫልቭ የልጅ ልጅ። ሪሲቨራችሁ ውስጥ ቺፕ እያለ ላይ ላይ ቱቦ ምን ይሠራል? ከሶላሩ የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ ከ60 ከመቶ በላይ ወደ ሬዲዮ ሞገድ ይለውጣል። እያንዳንዱ መቶ ዋት ገደማ ያወጣል። ይህ መቶ ዋት ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ አገር ሙሉ ላይ ተበትኖ፣ ዲሻችሁ የሚያገኘው እንጥፍጣፊ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ዲሹ በጣት ስፋት ሲዛነፍ ልጁ «ሄደ!» የሚለው ወዶ አይደለም።

ቱቦው ቢቃጠልስ? እዚህ ነው መሰላሉ የሚመጣው። ለምሳሌ 24 ቱቦ የሚያስፈልገው ሳተላይት ላይ 30 ይጫናል። በመካከላቸው ማዞሪያ አለ። አንዱ ሲሞት ከምድር ትዕዛዝ ይላክና መለዋወጫው ይነሳል። ኮምፒውተሩ ሁለት ነው። ትዕዛዝ መቀበያው ሁለት ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ራሱን ያዞረዋል፤ ላይጠቀምበት ይችላል ለሚባል ዕቃ በኪሎ የሮኬት ዋጋ ይከፈላል። መሐንዲሱ ግን አንድ ለእናቱ የሆነ ዕቃ አይወድም።

ሙቀቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እዚያ አየር የለም። ማራገቢያ ብትገጥሙ ምን ይነፍሳል? ሙቀቱ አሞኒያ በያዙ ቱቦዎች ወደ ሳተላይቱ ሰሜንና ደቡብ ግድግዳ ይሄድና ወደ ጠፈር ይጨረራል። ፀሐይ የምትመታው ጎን ይጋላል፣ ጥላው ያለበት ይበርዳል። ብሎኑና ሙጫው ሁሉ ይህን ለዓመታት መቻል አለበት።

ስለዚህ ሳተላይቱ ገና ምድር ላይ እያለ ይሰቃያል። በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ሮኬቱ እንደሚያንገጫግጨው ይንገጫገጫል። ድምፅ በሚያጓራ ክፍል ውስጥ ይቆማል። ሮኬት ሲነሳ ድምፁ ብቻውን ቀጭን ዕቃ ይሰብራልና ነው። ከዚያ አየሩ ተመጥጦ የወጣ ትልቅ ጋን ውስጥ ይገባና ለሳምንታት ሲግልና ሲበርድ ይቆያል፣ እየሠራ። ቀጥሎ ግድግዳው ሁሉ በሾጣጣ ስፖንጅ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ አንቴናው ይለካል። ስፖንጁ የሬዲዮ ሞገድ ይውጣል፤ ግድግዳ ነክቶ የሚመለስ ሲግናል እንዳይኖር።

ከሁሉም እኔን የሚይዘኝ የሶላሩ ክንፍ ሙከራ ነው። ክንፉ ታጥፎ ነው የሚሄደው፤ ላይ ከደረሰ በኋላ ይዘረጋል። ክብደት ለመቀነስ በጣም ቀጭን ተደርጎ ስለሚሠራ ምድር ላይ የራሱን ክብደት አይችልም። ብትዘረጉት ይሰበራል። ታዲያ እንዴት ይሞከራል? ከላይ ሐዲድ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ በገመድ ይንጠለጠልና ክብደቱን ገመዱ ይሸከምለታል። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው፣ ማጠፊያው ያለምንም መያዝ ቀስ ብሎ ሲከፈት ይመለከታሉ። ማንም አያወራም ይባላል። ያ ማጠፊያ ላይ ላይ ቢነክስ የብዙ ሚሊዮን ዶላር ዕቃ ያለ መብራት ይቀራል።

ይህ ሁሉ አልፎ ሳተላይቱ አንቶኖቭን በመሰለ ግዙፍ አውሮፕላን ወደ ማምጠቂያው ይጓዛል። እዚያ ነዳጅ ይሞላል። ነዳጁ መርዝ ስለሆነ የሚሞሉት ሰዎች ሁለመናቸውን የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ነው።

ኤንኤስኤስ 12 በጥቅምት 2009 በአሪያን 5 ሮኬት የመጠቀው ከኩሩ ነው። ኩሩ በደቡብ አሜሪካ ባለችው የፈረንሳይ ግዛት፣ በፈረንሳይ ጊያና፣ የምትገኝ ከተማ ናት። ለምን እዚያ ድረስ? ምድር ወገብ ላይ የምድር ሽክርክሪት ብቻውን በሰከንድ 465 ሜትር ይገፋል። ነጻ ነው። ኩሩ 5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ይህን ሁሉ ታገኛለች ማለት ይቻላል። የካዛክስታኑ ባይኮኑር 46 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ የሚነሳ ሳተላይት ምህዋሩን ወደ ምድር ወገብ ለማቃናት ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። እኛስ? ደሴ 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከኬፕ ካናቬራልም ትሻላለች። ነገር ግን ሮኬት የሚተኮሰው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ባዶው በርሜል አፋር ወንድሞቻችን ግመል ላይ ይወርዳል። (ሳቅ) ኩሩ በምሥራቋ ያለው ባሕር ነው።

ሮኬቱ ሳተላይቱን በር ድረስ አያደርሰውም። ሞላላ በሆነ ምህዋር ላይ ይለቀዋል። በአንድ ጫፉ ከምድር ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በሌላው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀሪውን መንገድ ሳተላይቱ በራሱ ሞተር ይጨርሳል። ሩቁ ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል፣ ምህዋሩ ክብ እየሆነ ይሄዳል። ቀናት ይፈጃል። ሲመጥቅ ከነበረው ክብደት ግማሽ ያህሉ ለዚህና ለኋላው ዘመን የሚሆን ነዳጅ ነው። ከ2015 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄዱ የንግድ ሳተላይቶች መጥተዋል። ክብደታቸው ይቀንሳል፤ ግን ለመድረስ ወራት ይፈጅባቸዋል።

አሁን የሚያስለቅሰው ክፍል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለሳተላይት ባለቤቶች የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

በ1984 ከቻሌንጀር መንኮራኩር የተለቀቁ ዌስታር 6 እና ፓላፓ ቢ2 የሚባሉ ሁለት ሳተላይቶች ሞተራቸው በወጉ ሳይነድ ቀረና ዝቅ ያለ ምህዋር ላይ ቀሩ። ኢንሹራንሶቹ ከፈሉ። ዝቅ ብለው መቅረታቸው ግን ጠቀመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ጠፈርተኞች በዲስከቨሪ ወጥተው በእጃቸው ይዘው መለሷቸው። ከዚያም «የሚሸጥ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ፎቶ ተነሱ። ቀልድ አልነበረም፣ እውነትም ተሸጡ።

በ1997 መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤሺያሳት 3 የሮኬቱ የመጨረሻ ክፍል ከዳውና የማይረባ ምህዋር ላይ ተንጠለጠለ። ኢንሹራንስ ሙሉ ኪሳራ ብሎ ዘጋው። የሂዩዝ መሐንዲሶች ግን የቀረውን ነዳጅ አሰቡ። በቀጥታ ለማቃናት አይበቃም። በጨረቃ በኩል ቢዞርስ? በ1998 ሁለት ጊዜ በጨረቃ ዙሪያ አሳልፈው፣ የጨረቃን ስበት ተጠቅመው አቃኑት። ለቴሌቪዥን የተሠራ ዕቃ ጨረቃ ደርሶ ተመለሰ!

ሁሉም ግን እንዲህ አይቀናውም። አሞስ 6 በ2016 ሮኬቱ ነዳጅ ሲሞላ ማማው ላይ እንዳለ ተቃጠለ። ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ኢንተርኔት ይሰጣል ተብሎ ፌስቡክ የተከራየው ሳተላይት ነበር። ለአፍሪካ በ2007 መጨረሻ የመጠቀው የራስኮም ድርጅት የመጀመሪያው ሳተላይት ሂሊየም አፈሰሰ፤ 15 ዓመት የታሰበለት ዕድሜ ወደ ሁለት ዓመት ወረደ። ናይጄሪያ በ2007 ያመጠቀችው ናይጅኮምሳት 1 በኅዳር 2008 በኃይል ብልሽት ሞተ። ምትኩ በታኅሣሥ 2011 ወጣ። የአንጎላው አንጎሳት 1 በ2017 መጠቀ፤ በወራት ውስጥ ጠፍቷል ተባለ። በ2022 በአንጎሳት 2 ተተካ። ኢንሹራንስ የዚህ ንግድ የጀርባ አጥንት የሆነው ለዚህ ነው።

ሁሉም ከተሳካ ሳተላይቱ የሚኖረው ሕይወት አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ መሆኑ ነው የሚፈለገው። ጨረቃና ፀሐይ ይስቡታል፣ ቦታውን ለመልቀቅ ይዳዳዋል። በትንንሽ ሞተሮች ይመልሱታል። የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን ነዳጁ አልቆ ነው። የመጨረሻዋ ነዳጅ ደግሞ አትነካም። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቦታውን ለሌላ እንዲለቅ የተቀመጠች ናት። በ2020 ግን አንድ አዲስ ነገር ሆነ። ኤምኢቪ 1 የሚባል መንኮራኩር ነዳጁ ሊያልቅ የተቃረበውን ኢንቴልሳት 901 ከኋላው ያዘና መሪ ሆነለት። ለአምስት ዓመት ያህል ተጨማሪ ሠራ። መጠገን አይደለም፣ ማዘል ነው። ቢሆንም መሰላሉ እየቀረበ ነው።

ለዲሽ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ከእኛ ስትታይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ትገባለች። ፀሐይ ራሷ ትልቅ የሬዲዮ ጫጫታ ናት። ለጥቂት ቀናት፣ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይቆራረጣል። ለደሴና ለኮምቦልቻ አንዱ ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንት ነው። ሌላው ልክ በመስቀል ሰሞን ነው። ለኢትዮሳት ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ደንበኛው በበዓል ቀን ይደውላል። አብሽር በሉት፤ ቡናው አቦል ሳይደርስ ይመለሳል። ዲሹን ከነካችሁት ግን በዓላችሁን ጣራ ላይ ትውላላችሁ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁለቱን ላስፍር።

አንድ ልጅ፣ ደሴ ላይ ክረምት ሲዘንብ ምስሉ ለምን እንደሚጠፋ ጠየቀ። በዚህ ፍሪኩዌንሲ የዝናብ ጠብታ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ሰፋ ያለ ዲሽ ይረዳል አልኩት። አንድ የሚረሳ ነገር ግን አለ። የሚዘንበው ቻናሉ ወደ ሳተላይቱ በሚላክበት ጣቢያ ላይ ከሆነ የእናንተ ሰማይ ጥርት ብሎ እያለም ምስሉ ሊታመም ይችላል። ጣቢያው ኃይሉን ከፍ አድርጎ ይታገላል፤ ሁልጊዜ ግን አያሸንፍም።

ቀጥሎ አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ እኛ ሳተላይት አመጠቅን ተብሎ የለ እንዴ? ታዲያ ለምን የሰው ሳተላይት እንከራያለን?»

አባቴ፣ አዎ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና መጥቋል። እንጦጦ ላይ መቆጣጠሪያ ጣቢያ አለ። እሱ ግን 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ እየዞረ መሬት ፎቶ እንዲያነሳ የተሠራ ነው። የታሰበው ለእርሻና ለውኃ ጥናት ነበር። ቴሌቪዥን አያስተላልፍም። የመገናኛው ዓይነት ከመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚዘል፣ ቦታ የሚያስመዘግብ፣ ደንበኛ የሚጠይቅ ሌላ ዓለም ነው። የምንፈልገው አቅም የአንዱን ሳተላይት ጥቂት ክፍል ብቻ ከሆነ መከራየት ነውር አይደለም። ትልልቅ አገሮችም ይከራያሉ።

ይሁንና አንድ ቀን ይገዛል እንበል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምልከው ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። ከዚህ ከኮምቦልቻ የተመረቁ ልጆች ፋብሪካው ውስጥ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ ይቀመጡ። ያ የሶላር ክንፍ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲከፈት ዳር ቆመው ይዩ። ማጠፊያው ሲነክስ «አይሆንም፣ ይደገም» የማለት መብታቸው ውሉ ላይ ይጻፍ። የኢንሹራንሱን ውል እስከ ትንሿ ጽሑፍ የሚያነብ ጠበቃ ይኑር። መለዋወጫው ስንት እንደሆነ ቆጥረው ይፈርሙ። ስለ ሮኬቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።